ስምንት ዓመት ወደ ኋላ

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ደምመላሽ አዲሱን የድምፅ መሣሪያ ከካርቶኑ ሲያወጡ፣ «ማርያምን፣ ይቺን ሳላስነሳልዎ ኮምቦልቻ አልወርድም» አልኳቸው። የአክስቴ ባል ናቸው፤ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ማንም ግን ማይ አላለኝም።

ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለችው ስቱዲዮ ገባሁ። ስቱዲዮ የምላት የገበያው ጫጫታ እንዳይገባ መስኮቷ በብሎኬት የተደፈነ፣ ግድግዳዋ ስፖንጅ የለበሰ ክፍል ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ መዝሙር ስቀዳ የኖርኩት እዚያ ነው። በዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ቀርቤ የኤሌክትሪሺያን ውል መፈረም አለብኝ። ካልቀረብኩ ለተጠባባቂው ይሰጣል። መሐላው ባይኖር ገና በጠዋቱ ወርጄ በሩ ላይ እቀመጥ ነበር።

መሣሪያው ስምንት ተንሸራታች ቁልፎች ያሉት ሰሌዳ ነው። በኔትወርክ ኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር ሲገናኝ፣ መቅጃው ፕሮግራም ሲያዝዛቸው ቁልፎቹ በራሳቸው ወጣ ወረድ ይላሉ፤ እንዲያ ነው የተባለልን። ኬብሉን ሰካሁ፣ እንዲተዋወቁ ለሁለቱም የቁጥር አድራሻ ሰጠሁ፣ ተያዩ። ቁልፎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል፦ የመጠቀሚያ ፈቃዱ ቀን ገና አልደረሰም። ኬብል ቀየርኩ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። አምስት ሰዓት ሆነ፤ አየር አጠረኝ፤ ምላሴን ረገምኩ። ጥዬ ብወጣ ማን ያየኛል? የማልኩባት ታየኛለች።

ቀኑን አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ። ስክሪኑ ጥግ ላይ 2004 ይላል፤ ዓመቱም 2004 ነው፤ ምን ይወጣለታል? ኮምፒውተሩ የተገዛ ዕለት፣ እኔ ቤት የፈረንጅ ዘመን አይቆጠርም ብለው ያስተካከሉት ጋሽ ደምመላሽ ናቸው። ስድስት ሰዓት አልፎ ነው የበራልኝ። ፈቃዱ የተሰጠው በፈረንጆቹ 2012 ነው፤ ለዚህ ኮምፒውተር ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ብቻዬን ሳቅሁ። ዓመቱን ወደ 2012 ስገፋው ስምንቱም ቁልፎች ብድግ አሉ።

ጋሽ ደምመላሽን ጠርቼ አሳየኋቸው። ከዚያ ግንባሬን ስመው መረቁኝ። ሰባት ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ በሚኒባስ ቁልቁለቱ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ለጥበቃው የማሳየውን የጥሪ ደብዳቤ ከቦርሳዬ አወጣሁ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ወሩ ጃንዋሪ፣ ዓመቱ 2012፣ ሰዓቱ 9:00 ይላል።

ዓመቱን በፈረንጅ የቆጠረ ሰው ሰዓቱን በኛ አይቆጥርም። የእነሱ ዘጠኝ የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በሦስት ሰዓት እኔ ኬብል እየቀየርኩ ነበር።

ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት፣ የምስራች የሚል ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አቤት የሚል ስለጠፋ ተጠባባቂው መፈረሙን በትሕትና ነገረችኝ። አለቀስኩ። እሳቸው ፊት መሆኑ እንኳ አላሳፈረኝም።

ጋሽ ደምመላሽ ደብዳቤውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ሰሌዳው ሳቡልኝ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ፤ ደስታቸውን ግን መደበቅ አልቻሉበትም። «ድሮስ ይህን ከአንቺ ሌላ ማን ይነካዋል?»

ዘማሪዎቹን ሊጠሩ ወጡ። ጫጫታው እንዳይረብሸኝ በሩን ከውጭ ግጥም አድርገው ዘጉት።