ከሚዛኑ እግር ሥር

አሰልጣኝ ሃይለአብ ሚዛኑን ከፌስታል አውጥቶ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ አስቀመጠው። የክለቡ ሴት ሯጮች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተሰለፉ። ዓርብ ዓርብ ማለዳ እንዲህ ነው፤ ሁለት ዓርብ በተከታታይ ክብደት የጨመረች ዕቃዋን ይዛ ከካምፕ ትወጣለች።

ለተሚካኤል ባለፈው ዓርብ ጨምራ ነበር።

ካዛንቺስ የነበረው የወላጆቿ ቤት ከፈረሰ ወዲህ ከካምፑ አልጋ ሌላ ማደሪያ የላትም፤ እናቷም አክስቷ ዘንድ ተዳብላ ነው ያለችው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሁዳዴን ምክንያት አድርጋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ዋለች፤ ሌሎቹ ሲያርፉ ይህንኑ ደረጃ ለብቻዋ ሮጠች። ፊቷ አበጠ። እንቅልፍ አጣች። የወር አበባዋማ ከቀረ አምስት ወር ሆኖታል።

ትናንት የክሊኒኩ ሐኪም የደም ምርመራዋን ሁለት ጊዜ አገላብጣ አየችው።

«የጭንቀት ሆርሞንሽ በጣም ከፍ ብሏል፤ የታይሮይድሽ ደግሞ ወርዷል። ሰውነትሽ ረሃብ የገባ መስሎታል። ውሃ ይይዛል፣ ያገኘውን ሁሉ ይቆጥባል። በሮጥሽ ቁጥር ይብስበታል» አለቻት። «ሦስት ወር እረፊ። ብዪ። ተኚ።»

የት እንደምትተኛ ሐኪሟ አልጠየቀቻትም።

ሰልፉ ላይ ከኋላዋ የቆመችው ፍዮሪ ጠጋ አለች። «ለተ፣ ጸጉርሽን ተላጪው፤ መቶ ግራም አያጣም።»

«ያንቺን ምላስ ብንቆርጠው ኪሎ ይሞላ ነበር።»

ተራዋ ሲደርስ የሐኪሟን ወረቀት ከኪሷ አወጣች። የምትናገረውን ሌሊቱን ስታጠና ነበር ያደረችው፤ አሁን ሁሉም ጠፋባት።

«አሰልጣኝ፣ ይቺን ያንብቡልኝ።»

ከላይ እስከ ታች አነበበው። ማህተሙን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«እኛ ስንሮጥ ሆርሞን የሚባል ነገር አልነበረም» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ሦስት ወር አርፈሽ ስትመለሺ አልጋሽ ላይ ሌላ ልጅ አለች። እኔ አይደለሁም፣ ክለቡ ነው። እንደምታርፊ ለክለቡ ልጻፍልሽ?»

ለተሚካኤል ጫማዋን በደረቷ አቀፈች። ጥቂት ጠበቃት። ከዚያ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ጎንበስ አለና ከሚዛኑ እግር ሥር ወሸቀው።

«ደረጃው ያዘነብላል፤ ባለፈው ዓርብም አሳስቶን ይሆናል። በይ፣ ውጪበት።»

ሲወዛወዝ የነበረው መርፌ ዜሮ ላይ ቆመ። ከወረቀቱ ጠርዝ የማህተሙ ግማሽ ይታያል። የድንጋዩ ቅዝቃዜ በካልሲዋ ዘልቆ ተሰማት። ጫማዋን ለፍዮሪ ልታስይዛት ወደ ኋላ እጇን ዘረጋች፤ ፍዮሪ ስትቀበላት ግን ለተሚካኤል አልለቀቀችውም፤ እግሯም ከድንጋዩ አልተነሳም።