ኤስ፣ ጂ፣ ኤች፣ ኤል

«የመጣሁት ለኪቦርዱ ነው» አለች ባለመነጽሯ፣ የቀረበላትን ሻይ ሳትነካ።

የሟቹ ሚስት ጆሮዋን ማመን አቃታት። ባሏ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተጨናንቋል፤ ከጎረቤት የተሰበሰበው ወንበር አልበቃ ብሎ ሁለት ሰዎች የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። ይቺ ሴት ደግሞ ጥቁር ሻርፕ አድርጋ፣ እግሯን ገጥማ፣ የሟችን ዕቃ ትጠይቃለች። ያውም በሹክሹክታ።

«የትኛውን ኪቦርድ?» አለቻት፣ የትኛው እንደሆነ ጠንቅቃ እያወቀች።

«እሱ በቦርሳው ይዞት የሚመላለሰውን።»

እሱ! ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛው ሁሉ «እሳቸው» እያለ ነው ባሏን የሚያነሳው። የሕንጻው ጥበቃ፣ የሱቁ አከራይ፣ ታናሽ እህቱ ሳትቀር። ይቺ ግን እቤቷ መጥታ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ «እሱ» አለች። ሚስቱ የተሰማት ሐዘን እንዳልሆነ ታውቃለች። ከሐዘኑ ጋር የተዋወቀችው በዚህ ሳምንት ነው፤ ከዚህኛው ጋር ግን ዓመታት ኖራለች።

ባሏ ጸሐፊ ነበር። መጽሐፍ የሚጽፍ ሳይሆን የሰው ደብዳቤ የሚተይብ። ከመኖሪያ ፈቃድ ቢሮው ማዶ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ጎን ለጎን ተገጥሟል፤ በአንዱ እሱ ፋርስኛ ይተይባል፣ በሌላው ባለመነጽሯ ዐረብኛ። ኪቦርዶቹ ላይ የታተሙት ግን የላቲን ፊደላት ብቻ ናቸው። ሌሎች ጸሐፊዎች በየቁልፉ ላይ ትንንሽ ፊደል ይለጥፋሉ። ሁለቱ አይለጥፉም። የትኛው ቁልፍ ሥር የትኛው ፊደል እንደተደበቀ ጣታቸው ያውቀዋል። እጃቸው የእንግሊዝኛ ቁልፍ እየመታ፣ ስክሪኑ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ሌላ ጽሑፍ ሲወጣ ደንበኛው አፉን ከፍቶ ያያል።

ሚስቱ ሱቁን መጀመሪያ ያየችው የረሳውን ምሳ ዕቃ ልታደርስለት ሄዳ ነው። በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። አይተያዩም፣ አይነጋገሩም፤ ጣቶቻቸው ግን እኩል ይሮጣሉ። በመሀል ባለመነጽሯ የእሱን ስክሪን በጎን አየት አድርጋ «ቀይረው» አለችው፤ እሱም ቀና ሳይል የሆነ ነገር ቀየረ። አልጋ ላይ ብታገኛቸው ኖሮ ቢያንስ ምን ብላ እንደምትጮህ ታውቅ ነበር። ምሳ ዕቃውን አስቀምጣ ወጣች።

ራት ላይ ጣቶቹ የጠረጴዛውን ልብስ ሲመቱ «ለማን ነው የምትጽፈው?» ትለዋለች።

«ለማንም። ልማድ ሆኖብኝ ነው» ይላታል፣ እጁን እንደ ባለጌ ልጅ እየሰበሰበ።

አንድ ቀን ኪቦርዱን ከቦርሳው አውጥቶ «ነይ እስኪ፣ አንድ ቃል ላስተምርሽ» ብሏት ነበር።

«የለመደችህን አስተምር» አለችው።

ኪቦርዱን መለሰና ዚፑን ዘጋ። ዳግመኛ አልጠየቃትም።

ከዚያ ደግሞ ወረቀቱ መጣ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሸሚዙን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ነው ያገኘችው። ፋርስኛ አይደለም፣ ዐረብኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይደለም። ኤስ፣ ጂ፣ ኤች፣ ኤል ብሎ ይጀምርና ፊደል ከቅንፍና ከነጥብ ጋር ተደበላልቆ ገጹን ይሞላዋል። ማንንም ሳትጠይቅ ፍርዷን ሰጠች፤ ሁለቱ ብቻ የሚግባቡበት የምስጢር ጽሑፍ ነው። ወረቀቱን ከአንሶላዎቹ ሥር ደበቀችው። ድስት ስታማስል፣ ደረጃ ስትወጣ፣ እነዚያን አራት ፊደላት በልቧ ታነበንባለች። ዛሬ እጠይቀዋለሁ፣ ነገ እጠይቀዋለሁ ስትል፣ ባሏ አንድ ረቡዕ ጠዋት ጫማውን ሊያስር እንዳጎነበሰ በዚያው ቀረ።

አሁን የምትጠየቀው ሴት በእግሯ መጥታላታለች።

«ኪቦርዱ መኝታ ቤት ነው። ይነሱ» አለቻት። ታናሿን «እርስዎ» ያለቻት አክብራ አይደለም፤ እንዳትቀርባት ነው።

የባሏ እህት ክንዷን ያዘቻት። «ለቀስተኛ ትተሽ ወዴት ነው?»

«ዕቃ ልሰጣት።»

«ዛሬ? ምን ዓይነት ደፋር ናት!»

«እኔም ይህንኑ ላጣራ ነው» አለች ሚስቱ።

ኪቦርዱ አልጋው ላይ፣ በእሱ በኩል ተቀምጧል። ባለመነጽሯ እንዳየችው እጇን ልትዘረጋ ብላ መለሰችው። ሚስቱ በሩን ዘግታ ከአንሶላዎቹ ሥር ወረቀቱን አወጣች።

«ይሄን ያንብቡልኝ። ምንም ሳይቀንሱ።»

ባለመነጽሯ መነጽሯን አስተካክላ ወረቀቱን አየችው። ከዚያ ሳቀች። በለቅሶ ቤት፣ ድምፅ አውጥታ ሳቀችና ወዲያው አፏን በሻርፗ ያዘች።

«ይቅርታ እትዬ። ሳይቀይር እኮ ነው የጻፈው!»

«ምኑን?»

«ቋንቋውን። ኮምፒውተሩ እንግሊዝኛ ላይ እንዳለ ረስቶ ፋርስኛ ተይቧል። የመታቸው ቁልፎች ልክ ናቸው፣ የወጣው ግን ይሄ ነው። እሱ የደንበኛውን አፍ እንጂ ስክሪኑን አያይም። ይሄንንማ ጭራሽ አትሞታል። ስንቴ ነገርኩት!»

«ፋርስኛ ደግሞ ከየት ታውቂያለሽ?» «እርስዎ»ው ሳታስበው ከአፏ ጠፋ።

«እሱ ነው ያስተማረኝ።»

«በይ አንብቢው።»

ባለመነጽሯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ቀኝ እጇ አየር ላይ የሌለ ቁልፍ ይመታል፣ ጣቷ የሚነግራትን በአፏ ትደግማለች። «ሰላም... ውድ ባለቤቴ... ናፍቆትሽ እንቅልፍ ነስቶኛል...»

«ቀጥይ» አለች ሚስቱ።

«... ፍሪጁን ለወንድሜ ስጪው። በሩ እንደማይገጥም ግን አትንገሪው። አክስቴ ከመጣች የጓዳውን ቁልፍ እንዳታሳያት...»

«ይብቃ።»

ለውሸትም ቢሆን እንዲህ ያለ ፍሪጅ ባንድ አፍታ የሚፈጥር ሰው የለም። የአንድ የማታውቀው ደንበኛ ደብዳቤ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ፍሪጅ ስትቀና ኖራለች።

«ታዲያ የተበላሸ ወረቀት ምን ሊሆነው ኪሱ ያዘው?»

ባለመነጽሯ ወረቀቱን ገለበጠችው። «ጀርባውን አላዩትም?»

አይታዋለች። በእርሳስ፣ በእሱ የእጅ ጽሑፍ። «ሳሙና። ባትሪ። የመጋረጃ ቀለበት፣ አሥር።» አይታ ንቃ ትታዋለች።

«ደውለው ሲያዝዙት ነው። የእርስዎ ስልክ ከመጣ ደንበኛው ይጠብቃል። ያገኘው ወረቀት ላይ ይጽፍና እንዳልረሳ ብሎ ኪሱ ይከተዋል። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።»

ሚስቱ ወደ መስኮቱ ዞረች። መጋረጃው ዛሬም በአንድ ጥጉ ተንዘላዝሏል። ቀለበቶቹን ያመጣ ቀን፣ አሥራ ሁለት ብዬህ አሥር ታመጣለህ፣ ልብህ የት ነው ያለው፣ ማን ጋ ነው ያለው ብላ ስትጨቀጭቀው ነበር የዋለችው። እሱ «ይሁን፣ የኔ ጥፋት ነው» ብሎ ወንበር ላይ ወጥቶ ሰቀለው። አሥር ነበር ያለችው። የሰማውን ነው የጻፈው።

እንባዋ መጣ፤ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራታል።

«ትወጂው ነበር?»

ባለመነጽሯ አልሸሸችም። «እሱ አያውቅም» አለች፣ ጣቶቿን እያየች። «አሥራ አምስት ዓመት ጎኑ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ ኪቦርዱን ሸክፎ ወደ እርስዎ ይሮጣል፣ እኔ ሱቁን እቆልፋለሁ። ቀናሁብዎት፣ እትዬ። ምን ላድርግ?»

ሚስቱ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። በደስታዋ አፈረች። ወዲያው ደግሞ መልሳ ቀናች፤ ይቺ ሴት በተበላሸ ወረቀት ላይ እንኳ እጁን ታውቅለታለች፣ እሷ ላስተምርሽ ሲላት እምቢ ብላ አንድ ቃል ሳትይዝ ቀረች።

«ሰላም የሚለው የቱ የቱ ነው?» አለች ኪቦርዱን ወደሷ እየገፋች።

ባለመነጽሯ ኤስ፣ ጂ፣ ኤች፣ ኤል ብላ አራት ቁልፎች በተራ ነካች። በላያቸው የታተመው ፊደል ከመመታት ብዛት ተፍቆ ጠፍቷል። ሚስቱ በዓይኗ ተከተለቻት፤ አንዴ አስደገመቻት።

«እንግዲህ ልውሰደው?»

«ነገ ነይ» አለች ሚስቱ። «ዛሬ ከኔ ጋር ይደር።»

ብቻዋን ስትቀር አልጋው ላይ፣ በእሱ በኩል ተቀመጠች። የኪቦርዱ ገመድ የትም ሳይሰካ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። በአንድ ጣቷ፣ እንዳትሳሳት እየፈራች፣ አራቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ተጫነች።

«ኧረ የት ጠፋሽ? ሰው መጥቷል!» አለች የባሏ እህት ከሳሎን።

«መጣሁ» አለችና፣ ከመጀመሪያው ቁልፍ እንደገና ጀመረች።