መኪና የሚቆመው ለእግር ነው

ሦስተኛ ፈተናዬ ነበር። አራተኛ የለም። የአስጎብኚዎች ማኅበር ደንብ፣ ሦስቴ የወደቀ ሰው "ሌላ ሙያ ቢሞክር ይመረጣል" ይላል። ለእኔ ሌላው ሙያ የአክስቴ ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ አክስቴ ደግሞ ተቀምጬ ቁልፍ የምተክልበትን ወንበር ካዘጋጀች ቆይታለች።

መጀመሪያ የወደቅኩት በድምፄ ነው። ፈታኟ በመሃል አስቁመውኝ፣ "የምታወሪው ለጎብኚዎቹ ነው ወይስ ለሸሚዝሽ ኮሌታ?" አሉኝ። በሁለተኛው የሦስት ሰዓቱን ጉብኝት በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጨረስኩት። ምን ላድርግ፣ እዚህ ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ቀስ ብሎ መሄድ አይሆንለትም። ወንድሜማ ስሜን ትቶ "ፈጥኖ ደራሽ" ነው የሚለኝ።

ስለዚህ በዚያ ጠዋት ሁለት ቃል በልቤ ይዤ ወጣሁ፦ ጮክ፣ ቀስ።

የደረሱኝ ጎብኚዎች አሥራ አራት ነበሩ። ከሐይቅ ዳር ካለች ትንሽ ከተማ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው፣ አንድ ዓይነት ቢጫ ኮፍያ አድርገው የመጡ ጎረቤታሞች። ከሁሉም ፊት ፊት የሚሉት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ አጠር ያሉ፣ ጣታቸውን ሳያወጡ የማይጠይቁ። ከእሳቸው ቀጥሎ አንድ ዳቦ ጋጋሪ አሉ፤ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ። ከሁሉ ኋላ፣ ፋይላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ፈታኟ። እኛ ተለማማጆች "ሚዛን" እንላቸዋለን፤ ቃል ሳይመዝኑ አያሳልፉም። ደንባቸውም አጭር ነው፦ ሦስት ጥፋት ይጥላል።

የመጀመሪያውን በሩብ ሰዓት ውስጥ አስመዘገብኩ። መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ሳልናገር ጀመርኩ። የብዕራቸው ክዳን ጠቅ ሲል ሰማሁት።

"ልጄ፣" አሉ አስተማሪዋ ጣታቸውን አውጥተው፣ "ምን ሆኖ ነው?"

"ምኑ፣ እትዬ?"

"ሰዉ ሁሉ የሚሮጠው። የሞተ ሰው አለ?"

"ኧረ የለም፤ ወደ ሥራ እየሄዱ ነው።"

"በየቀኑ እንዲህ ነው?"

"በየቀኑ።"

"ውይ! ታዲያ ትንሽ ቀደም ብለው አይነሱም?"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ድምፄን ከፈተልኝ መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ የምናገረው እስከ መጨረሻው ኮፍያ ድረስ ይሰማ ነበር።

ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ይላሉ። ባንክ የሚገባውን፣ ስልክ የሚያወራውን፣ ሞተር ላይ ያለውን፤ "እንዴት አደሩ! እንዴት አደርሽ እናቴ!" ሰላምታ የደረሰው ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ኪሱን ይዳብሳል፣ ቦርሳውን ወደ ሆዱ ያዞራል። አንዲት ሴትዮማ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ "ምንም አልገዛም!" ብለው አለፉ።

"ምን ልሽጥላቸው?" አሉኝ ዳቦ ጋጋሪው ግራ ገብቷቸው። "እንዴት አደሩ ስንት ነው እዚህ?"

ነገሩ ደስ ይል ነበር። በሕይወቴ ሙሉ ያለፍኩበትን መንገድ አሥራ አራት ሰዎች እንደ አዲስ ሲያዩት እኔም አብሬ ማየት ጀመርኩ። አምስት ፎቅ ሙሉ የተሰጣ አንሶላ። ጫማ ጠጋኙ በጥርሱ የያዘው ሚስማር። በእያንዳንዱ ቃል ቀስ፣ በእያንዳንዱ ቃል ጮክ እያልኩ ወደ ሰዓት ግንቡ አደባባይ ደረስኩ። ጉብኝቱ የሚያበቃው ግንቡ ላይ ተወጥቶ ነው፤ በሩ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ይዘጋል፤ ሳይወጡ ከቀሩ ጥፋት ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ከአሥራ ሁለት። ሞልቶ ተርፏል።

"ይህ ግንብ፣" አልኩ፣ "የተሠራው በሰባት ዓመት ነው። ድንጋዩ የመጣው በጀልባ ነው። አናቱ ላይ ለመድረስ መቶ ስልሳ ሁለት ደረጃ..."

እየተናገርኩ ሄድኩ። ስጨርስ ዞር አልኩ።

ማንም የለም። አጠገቤ ያለው ጋዜጣ ሻጩ ብቻ ነው፤ አፉን ከፍቶ ያዳምጠኛል።

"ጥሩ ታሪክ ነው፣" አለኝ። "ግን ለማን ነው የምታወሪው?"

መንገዱ በእኔ እርምጃ ሃያ ስድስት ነው። ከሃያ ስድስት እርምጃ ማዶ አሥራ አራት ቢጫ ኮፍያ ጠርዙ ላይ ተደርድሯል፣ ስንዝር እንኳ ሳይንቀሳቀስ። በመሃላችን አውቶቡስ፣ ታክሲ፣ የጭነት መኪና፣ ሞተር።

"እነዚያ ያንቺ ናቸው?" አለ ጋዜጣ ሻጩ። "ለፎቶ የቆሙ መስሎኝ!"

በማኅበሩ ወረቀት ላይ ቡድኑ አደባባዩን የሚያልፈው በብረት ድልድዩ ነው። ግን ድልድዩ ወዲያ ታች ነው፤ የከተማ ልጅ ድልድይ እንዳለም አያስታውስም። ምላሴን ስጠብቅ እግሬን ረሳሁት። እግሬ ደግሞ የለመደውን አደረገ።

ተመልሼ ተሻገርኩ። ፈታኟ ቀና ሳይሉ ይጽፋሉ።

"ሁለት፣" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"በድልድዩ ስትዞሪ ከነዚህ ጉልበቶች ጋር ሃያ ደቂቃ ነው። አሁን አምስት ከአሥራ አምስት።"

በድልድዩ ከዞርን በሩ ይዘጋል። ሦስት። የአክስቴ ወንበር ቁጭ ብሎ ታየኝ።

"እዚሁ እንሻገራለን፣" አልኩ፤ ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ።

"በየት?" አሉ ዳቦ ጋጋሪው። "በነዚህ መሃል? ልጄ፣ እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፣ ግን በዚህ መንገድ ሄዶ አያውቅም!"

"ማቋረጫው እኮ የእኛ ነው፣ ጋሼ። ነጩ ቀለም ይኸው።"

"ቀለሙን አይተናል፤ መኪናዎቹ ናቸው ያላዩት። አራት ደቂቃ ቆምን። አንድ ሰው አልቆመልንም።"

አስተማሪዋ ጣታቸውን አወጡ፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። "አትቀየሚኝ ልጄ። ስንመጣ 'የትልቅ ከተማ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው፣ ብትወድቁም ዘሏችሁ ያልፋል' ብለው ነግረውን ነበር። እኔ አላመንኩም። አሁን ግን አራት ደቂቃ..."

ጆሮዬ ጋለ። "እኛም፣" አልኩ፣ "እንግዳ ፈሪ ነው እንላለን። መንገድ ዳር እንደ ዳክዬ ተሰልፎ ይውላል እንላለን።"

"ዳክዬ?!" አሉ ዳቦ ጋጋሪው።

"ዳክዬ። ግን እትዬ፣ ሾፌሮቹ ክፉ ሆነው አይደለም። እዚህ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው የሚሻገር አይመስላቸውም፤ ታክሲ የሚጠብቅ ነው የሚመስላቸው። እዚህ መኪና የሚቆመው ለእግር ነው። እግር ሲወርድ ያያሉ፣ ይቆማሉ። እናንተ እነሱ እስኪቆሙ ትጠብቃላችሁ፤ እነሱ እናንተ እስክትጀምሩ።"

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለራሴም። ከአፌ ሲወጣ እኔም ነው የገባኝ።

ከዚያ አስተማሪዋ ኮፍያቸውን ጠበቅ አደረጉ። "ደንቡን ንገሪን። ባጭሩ።"

"አንድ ላይ ነው የምንሄደው። እዩዋቸው። እግር አውርዱ። አትሩጡ፣ አትቁሙ፣ ወደ ኋላ አትበሉ።"

"ብንሞት?" አሉ ዳቦ ጋጋሪው።

"ዳቦህን ሌላ ይጋግረዋል፤ ና!" ብለው አስተማሪዋ ክንዳቸውን ጎተቷቸው።

እግሬን አወረድኩ። ታክሲው ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ከአጠገቡ ሞተሩ ቆመ። አሥራ አራት ሰዎች ከኋላዬ ትንፋሻቸውን ሲውጡ ሰማሁ፤ ከዚያ ሃያ ስምንት ጫማ አስፋልት ላይ አንድ በአንድ አረፈ። አንድ አውቶቡስ፣ ከነትልቅ ሰውነቱ፣ ከፊታችን እንደ ታዘዘ ልጅ ጸጥ አለ።

"ቆመ!" አሉ ዳቦ ጋጋሪው። "ኧረ ቆመ! አይታችኋል? በእኔ እግር ነው የቆመው!"

መሃል ስንደርስ አስተማሪዋ ከጭነት መኪናው ፊት ቀጥ አሉ። ለካ ሾፌሩን ሊያመሰግኑ ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ "እግዜር ይስጥልን ልጄ! እናትህ ይኮሩብህ!"

ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለ፤ ጢማም ሰውዬ ነው፣ ፊቱ ቀላ። "አሜን እማማ፣ አሜን... ግን ይለፉልኝ፣ ከኋላዬ ያሉት ይበሉኛል!"

ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት። ማዶ ስንወጣ እንደ ሕፃን ጮኹ። ይተቃቀፋሉ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ለልጁ፣ "ተሻገርን! አዎ በእግር!" ይላል። ጋዜጣ ሻጩ ያጨበጭባል። ቆጠርኩ፦ አሥራ አራት። አምስት ከሃያ አንድ።

ከዚያ ግን ፋይል ያቀፈ ሰው አጣሁ።

ፈታኟ ማዶ ነበሩ። ብቻቸውን። ጠርዙ ላይ፣ ልክ ቅድም ቢጫዎቹ በቆሙበት አቋቋም።

"እዚሁ ጠብቁኝ፤ ከዓይኔ አትራቁ፣" ብዬ ተመለስኩ።

"አንቺ ሂጂ፣" አሉኝ ሳያዩኝ። "እኔ በድልድዩ እመጣለሁ።"

"በሩ ይዘጋል።"

"እኔ ባልወጣም ችግር የለውም።"

"በደንቡ ፈታኝም እንደ ጎብኚ ይቆጠራል። አንቀጽ ዘጠኝ። ሰው ትቼ አልወጣም።"

ያኔ አዩኝ። ለሦስት ፈተና ያላየሁት ፊት ነበር። "ሃያ ሁለት ዓመት ነው እዚህ ከተማ የኖርኩት፣" አሉ። "ይህን መንገድ አንድ ቀን ተሻግሬው አላውቅም። የመጣሁ ሰሞን ጠርዙ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ሰው ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ድልድዩ ነው። ማንም ደግሞ እግርሽን አውርጂ አላለኝም።"

እጄን ዘረጋሁ።

"ፋይሉን ይስጡኝ።"

"ፈተና ላይ ነሽ፤ ፋይል አይሰጥም።"

"እንግዲያው በግራዎ ይያዙት። ቀኝዎን ለእኔ።"

እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ከማዶ ዳቦ ጋጋሪው እጃቸውን እንደ ቱቦ አድርገው፣ "እግር! እግር ነው የሚያዩት!" ይጮሃሉ። ፈታኟ ጫማቸውን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ አንዲት ነጭ መኪና አዩ፤ አወረዱ። ነጯ መኪና ቆመች።

"ኧረ!" አሉ። ከዚያ ሃያ ስድስቱን እርምጃ በሙሉ፣ "ኧረ! ኧረ! ኧረ!" እያሉ፣ በመጨረሻ ግን የሚጎትቱኝ እሳቸው ነበሩ።

የግንቡ ዘበኛ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ ነበር የደረስነው። "ልዘጋ ነው እኮ!"

"ሦስት ደቂቃ ይቀራል!" አሉ ፈታኟ፣ ሰዓታቸውን አፍንጫው ሥር አስጠግተው። አሥራ ስድስታችንም ገባን።

መቶ ስልሳ ሁለቱን ደረጃ አንዱ አንዱን እየገፋ፣ እየሳቀ፣ እያረፈ ወጣን። አናቱ ላይ ነፋስ አለ፤ ከተማው ከእግራችን በታች ተዘርግቷል። እኔ ደግሞ፣ ልናገረው እንግዲህ፣ ወጥቼበት አላውቅም ነበር። ከቤታችን ስምንት ደቂቃ ነው፣ ግን የከተማ ሰው ነገ እወጣለሁ እያለ ያረጃል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በስተምሥራቅ የባቡር ጣቢያው፣ በስተሰሜን ቤተ መጻሕፍቱ፤ ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ።

የሚሰማኝ ግን አልነበረም። ሁሉም በአንድ በኩል የመደገፊያው ብረት ላይ ተደፍተው ወደ ታች፣ ወደ ማቋረጫው ያያሉ።

"እነዚያን እዩልኝ!" አሉ ዳቦ ጋጋሪው።

ጠርዙ ላይ ሌሎች እንግዶች ቆመዋል፤ ትልልቅ ሻንጣ ጀርባቸው ላይ፣ ካርታ እጃቸው ላይ። ቀና፣ ጎንበስ፣ ቀና ይላሉ።

"እስኪመሽ ሊቆሙ ነው እኮ!"

"ምስኪኖች! ታክሲ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት!"

"ዳክዬዎች!" አሉ አስተማሪዋ፣ በታላቅ ኩራት። "እናንተ! እግር! እግራችሁን አውርዱ!"

ሌሎቹም ተቀበሏቸው። "እግር! እግር!" ነፋሱ ድምፁን ይዞት ይሄዳል፣ ታች ያሉት ካርታቸውን ያገላብጣሉ። ፈታኟ ከሁሉም ይልቅ ተንጠራርተው፣ ፋይሉን እያወዛወዙ፣ "ኧረ እግር!" ሲሉ ሰማኋቸው።

ከዚያ ቀና ብለው ልብሳቸውን አስተካከሉ። ቦርሳቸውን ከፈቱ። ሰማያዊ ክር ያለው የአስጎብኚ ባጅ አውጥተው፣ ምንም ሳይሉ አንገቴ ላይ አጠለቁት።

"ሁለት ጥፋት፣" አሉ። "አይፋቁም፤ መዝገብሽ ላይ ይኖራሉ። እንኳን ደስ ያለሽ።"

ባጁን በሁለት እጄ ያዝኩት፣ ታች አየሁ፤ እንግዶቹ አሁንም ጠርዙ ላይ ናቸው። ወደ ደረጃው ሮጥኩ።

"ወዴት ነው?"

"ላሻግራቸው!"

"ቡድንሽን ትተሽ? ሦስተኛ ልጻፍ?"

ባለሁበት ቆምኩ። ግን ሊያልፉኝ የሚጋፉ ቢጫ ኮፍያዎች ከግራ ከቀኝ ገፉኝ፤ ከፊታቸው አስተማሪዋ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጡ፦

"ቶሎ በሉ እንጂ! በዚህ አካሄዳችሁ መቼ ልንደርስላቸው ነው?"