የአቶ ገብረጻድቅ እዝባር

አቶ ገብረጻድቅ ማክሰኞ ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከስማቸው መሀል ለሁለት ተከፈሉ። የስማቸው መጀመሪያ፣ «ገ»፣ ባዶ ክፍል ሆነ። የቀሩት እሳቸው፣ «ጻድቅ»፣ ክፍሉ ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ በቆመ ያጋደለ ጥቁር መስመር ጀርባ ተቀመጡ። ከዚህ በኩል አይታዩም። ሳላቸው ይሰማል፤ በተረፈ ጤነኛ ናቸው።

ይህን የማውቀው አጥራችን አንድ ስለሆነ ነው። ወሬ ትወዳለች ይሉኛል። አጥሩ ዝቅ ያለ መሆኑን ግን ማንም አያነሣም።

ነገሩ የመጣው ከሰፈር መነሣታችን ጋር ነው። ሰኞ ዕለት ፌቨን የምትባል የወረዳ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ስም ልትመረምር መጣች። ስማችን ከዚህ ኮምፒውተር ወደ አዲሱ ሰፈር ኮምፒውተር ይሻገራል። የሁለቱ ጠባይ አይገጥምም፤ ስለዚህ በሁለቱም ዘንድ የሚያስኬድ ስም ያስፈልጋል። የጥያቄ ምልክት አይገባም፤ ስም በባዶ ቦታ አያልቅም። ማዶ ያሉት ሁለት ሠናይቶች፣ አንዷ በንጉሡ ሠ ሌላዋ በእሳቱ ሰ፣ አዲሱ ኮምፒውተር አንድ ሰው ስለሚያደርጋቸው ለአንደኛዋ ቁጥር ተቀጠለላት።

የአቶ ገብረጻድቅ ሚስት ማንጠግቦሽ ወፍጮ ቤት ሄዳ ነበር። እሳቸው ተኝተዋል። ፌቨን በራቸውን ስታንኳኳ እኔ በአጥሩ ላይ ብቅ አልኩ።

«ቤተሰብ ነዎት?»

«ከቤተሰብ እበልጣለሁ» አልኳት።

«እንግዲያው የአባወራውን ስም እዚህ ይጻፉልኝ። ሙሉውን።»

መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ቶሎ አይመጣልኝም። ልጅቷ ቆማ ታየኛለች። «ገብረ»ን እስክጨርስ ትስቅብኛለች ብዬ አፈርኩ። የተማረ ሰው አሳጥሮ ሲጽፍ አይቻለሁና «ገ/ጻድቅ» ብዬ ተገላገልኩት። ብዕሩ አዳልጦኝ መስመሯ ከታች እንደ መንጠቆ ቆልመም አለች። ፌቨን ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ አስገባችው።

ረቡዕ ማንጠግቦሽ ወረዳ ሄደች። ብቻዋን አትሄድም ብዬ ተከተልኳት።

«ይቺ መስመር እዝባር ትባላለች» አለች ፌቨን። «መሣሪያው ፊደል አይላትም፤ በር ነው የሚላት። ከፊቷ ያለው ክፍል ነው፤ ከኋላዋ ያለው ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ነው።»

«ባሌ እኮ ዕቃ አይደለም፣ ልጄ።»

«ይገባኛል፣ እትዬ። የጻፈው ሰው እስከ ዓርብ እዚህ ቀርቦ ‹እኔ ነኝ የጻፍኩት› ካለ ይቃናል። ካለዚያ እንዲሁ ይሻገራል። ከተሻገረ በኋላ አይነካም።»

«ማን ነው የጻፈው?»

ፌቨን ቀና ብላ አየችኝ። የጸሐፊውን ስም መናገር ሥራዋ አይደለም። ጠበቀች።

ማንጠግቦሽም ወደ እኔ ዞረች። «አንቺን መቼም የሚያመልጥሽ ነገር የለም፣ እት እታገኘሁ።»

«ያን ቀን አልነበርኩም» አልኳት። ከአጥሩ ጠፍቼ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ሆነ።

ፌቨን ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። «እታገኘሁ። የእርስዎ ስም ንጹሕ ነው፤ የትም ያስገባል» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ዓርብ ነጠላዬን ለብሼ እስከ ወረዳው በር ደረስኩ። ሰልፉ ላይ የእድራችን ሴቶች በሙሉ ቆመዋል። ጫማዬ ጠበበኝ አልኩና ተመለስኩ። ጫማው ሰፊ ነው።

ቅዳሜ ተሻገርን። በአዲሱ ሰፈር የማንጠግቦሽ በር ላይ የተጻፈው «ገ» ብቻ ነው። አልጋዋን በአንድ ጫፍ ይዤ አገባሁላት። መስመሩ ቀድሞን ደርሶ፣ ከነመንጠቆው ቆሟል። ከጀርባው ሳል ይሰማል።

ማንጠግቦሽ መንጠቆውን በጣቷ ደባበሰችው። ከዚያ ካርቶን ቀደደችና ብዕር ሰጠችኝ።

«በርሽ ላይ የምትለጥፊውን ስምሽን እዚሁ ጻፊው።»

«የእኔማ ስም የታወቀ ነው።»

«ከነማዕረግሽ ይሁን። ወይዘሮዋን እንዳትረሺ።»

ወይዘሮ ረጅም ነው። ቆማ ታየኛለች። «ወ» ብዬ ጀመርኩ። ሳሉ ቆመ። እጄ እንደለመደው እዝባር አጋደለ፤ መስመሯም ከታች ቆልመም አለች።

ራሴን ከጥቁሩ መስመር ጀርባ አገኘሁት። ማንጠግቦሽ ከመስመሩ ማዶ ሆና የወደቀውን ብዕር ከወለሉ ስታነሣ አየኋት። ከዚህ በኩል ለካ ሁሉም ነገር ይታያል፤ አጥሩም፣ ወረቀቱም፣ የወረዳው በርም። አቶ ገብረጻድቅ ጠጋ ብለው ከተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።