ልቤን የሚቆጥር ዕቃ

እኔ ፍራሽ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ መክበድ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው፤ ደንበኛ የሚበዛልኝም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ሥራዬ ፍራሽ ላይ ጋደም ብዬ እንዴት እንደሚመች ለሰው ማሳየት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ሳሳይ ኖሬ አንድ ቀን ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለካና መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሌላ አስመጣ። ሌላውም ያንኑ ተናገረ።

"አቶ ጠሀ፣ መንቀሳቀስ አለብዎት" አለኝ። "ግን ቀስ ብለው፤ ልብዎን እንዳያስጨንቋት።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። እኔ ታክሲ ተሳፍሬ፣ ስለ ሳይክል እያሰብኩ ተመለስኩ።

ሳይክሉን መግዛት አልከበደኝም፤ ቀይ ስለነበረ ገዛሁት። የከበደኝ ልቤን እያስጨነቅኳት መሆን አለመሆኔን የሚነግረኝን ዕቃ መምረጥ ነበር። ጎረቤታችን ናዝራዊት፣ ባንክ የምትሠራና ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ የምትወጣ ልጅ፣ ሳይክሏ መሪ ላይ ትንሽ ኮምፒውተር አላት። ፍጥነቷን፣ የሄደችበትን ርቀትና የልቧን ምት ያሳያታል። ደረቷ ላይ የምታስረው ቀበቶ ምቷን እያነበበ ያለ ምንም ሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል። ይህን ካየሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ፤ ያውም ፍራሽ ነጋዴ ሆኜ።

ስልኬ ላይ ቪዲዮ በቪዲዮ ሆንኩ። ሽቦ ያለው ይጠላለፋል አሉ፤ ተውኩት። ሽቦ ከሌላቸው ደግሞ የልብ ምትን ከእጅ አንጓ የሚያነብ አለ፣ ከደረት የሚያነብ አለ። የእጁ ምቹ ነው፤ ግን ዳገት ላይ መሪውን ጨምድደው ሲታገሉ ይዘባርቃል አሉ። የደረቱ ይታመናል፤ ግን ሆድ ያለው ሰው ላይ ይንሸራተታል አሉ። ይህን የሚሉት እኔን አይተው መስሎኝ ስልኩን ገለበጥኩት። አንዱ ፀሐይ ላይ አይነበብም፣ አንዱ ዝናብ ይፈራል። ባትሪው ቀኑን ሙሉ የማይዘልቅ አንድ ዕቃ አይቼማ በጣም ተናደድኩ። ከሱቄ በር እስከ መስጊድ እንኳን ነድቼ አላውቅም።

"ሳይክሉን መቼ ነው የምትነዳው?" አለች ባለቤቴ ፋዲላ።

"የልብ ምት ሳይታወቅ እንዴት ይነዳል?"

"የሰፈሩ ልጆች በምን አውቀው ነው የሚነዱት?"

ስልኬን አንስቼ ወደ ቪዲዮዬ ተመለስኩ። ሳይክሉ ክረምቱን በሁለት ፍራሾች መሀል ተኝቶ ከረመ።

በመጨረሻ፣ ከዚያ ሁሉ ጥናት በኋላ፣ ልክ ናዝራዊት ያላትን መረጥኩ። ለፋዲላ ስለ ሴንሰርና ስለ ስክሪን ብዙ አስረዳኋት። እውነቱን ለመናገር ግን የልጅቷ ጉልበት ከኮምፒውተሩ የሚመጣ መስሎኝ ነው። ዕቃው ከዱባይ መጣልኝ። የመመሪያው ወረቀት "ከማሰርዎ በፊት ቀበቶውን ውሃ ያስነኩት" ይላል። ስለ እጥበት የሚያወራ መስሎኝ ዘለልኩት። ብርድ ስለነበረም ቀበቶውን ከካናቴራዬ በላይ አሰርኩት። ስክሪኑ ላይ ከሰረዝ በቀር ምንም አልታየም። እስክነዳ እየጠበቀኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከናዝራዊት ጋር ቀበና ድልድዩ ጋ ተገናኘን። ከሱቄ በር መነሳት እችል ነበር፤ ነገር ግን ታች ወርጄ ብነሳ በሰፈሬ መሀል እያለፍኩ እታያለሁ። እንዳሰብኩትም ሆነ። የሰፈሩ ሰው ከየሱቁ ብቅ እያለ አየኝ፣ አንዳንዱም አጨበጨበልኝ። ናዝራዊት ለእኔ ስትል ከጎኔ ቀስ ብላ ትነዳለች። ስክሪኔን ባየው ዘጠና አራት ይላል። ሠርቷል!

ከለጋሲዮን በላይ ዳገቱ ቀጥ አለ። ላቤ በአፍንጫዬ ይንጠባጠባል፣ ጆሮዬ ይጮኻል። ቁጥሩ ግን ከመቶ ብዙም አላለፈም።

"ጋሽ ጠሀ፣ ትንሽ እንረፍ?"

"ምን... ሆኜ... ነው የማርፈው? መቶ ሁለት ላይ ነኝ እኮ።"

"ከምርህ?" አየችኝ። "ፊትህ ግን በርበሬ መስሏል።"

"ፊቴ ሌላ፣ ልቤ ሌላ።"

ትንፋሽ ባገኘሁ ቁጥር ስለ ልቤ አስተማርኳት። የተፈጥሮ ስጦታ ነው አልኳት። ጊዜው ባያልፍ ኖሮ ለውድድር እቀርብ ነበር አልኳት። እሷም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፤ አስተዳደጓ ነው።

ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ እግሬ እምቢ አለ። ወርጄ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። "አንቺ ሂጂ" አልኳት። "ልቤ ደህና ነው፣ እግሬ ነው የከዳኝ።"

"እሺ፣ እዚያ ኩርባ ድረስ በፍጥነት ወጥቼ እመለሳለሁ" አለችና ፔዳሉ ላይ ቆማ ተወረወረች።

ስክሪኑን አየሁት። መቶ ሃያ። ተቀምጫለሁ። መቶ ሃምሳ። ንቅንቅ አላልኩም። መቶ ሰማንያ! ደረቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ናዝራዊት ኩርባውን ዞራ ስትጠፋ ቁጥሩም ጠፋና ሰረዝ ብቻ ቀረ።

ልቤ ቆመ።

የቆመ ልብ ይዞ ስልክ መደወል እንደማይቻል የሚነግረኝ ሰው በአጠገቤ አልነበረም። ደወልኩ።

"ፋዲላ፣ አፉ በይኝ።"

"ምን ሆነህ?"

"ልቤ ቆሟል።"

"ምንህ?"

"ልቤ! እያየሁት ቆመ። እንጦጦ መንገድ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ጋ ነኝ።" ከዚያ ትልቅ ነገር መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ። ስለ አብሮ መኖራችን፣ ስለ ትዕግሥቷ። ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነው፦ "ጓሮ ያለውን ፍራሽ ዝናብ እንዳያገኘው።"

ስልኩን ዘግቼ ቅጠሉ ላይ ተጋደምኩና እንደሚሞት ሰው ሸሃዳዬን አልኩ። መሬቱ ጎረበጠኝ፤ ተነስቼ የተሻለ ቦታ መረጥኩና እንደገና ተጋደምኩ።

ጥቂት ቆይቶ ሰረዙ ወደ ቁጥር ተለወጠ።

"ተመለሰ!" ብዬ ጮኽኩ።

"ማን?" አለች ናዝራዊት፣ ፍሬን ይዛ እየቆመች።

"ልቤ!"

ስክሪኔን አየች። የራሷን አየች። ሁለቱም አንድ ቁጥር ይላሉ። ከሳይክሏ ወረደችና ቦታዋ ላይ መዝለል ጀመረች። በእኔ ስክሪን ላይ ቁጥሩ እየወጣ ሄደ።

"ጋሽ ጠሀ፣ ይሄ እኮ የኔ ልብ ነው" አለች፤ ሳቋን መያዝ አቅቷት መሪው ላይ ተደፋች። "ያንተ ቀበቶ ሰውነትህን ስላልነካ ምንም አላነበበም፤ ኮምፒውተርህ አጠገቡ ያገኘውን የኔን ያዘ፣ ስርቅ ደግሞ ጠፋበት" ብላ አስረዳችኝ። ከኮዳዋ ውሃ አፍስሳ ቀበቶውን አራሰችልኝና ከካናቴራዬ ሥር አሰርኩት። ኮምፒውተሩንም ከእሷ ቀበቶ ለይታ ከእኔ ጋር አገናኘችው።

ያን ያህል አርፌም መቶ ስልሳ ሦስት አለ። ሳቋን አቆመች።

"ታዲያ ቅድም ስንነዳ ስንት ነበር?" አልኳት።

"ባናውቀው ይሻላል" አለችና ሙዝ ሰጠችኝ።

ሙዙን ሳልጨርስ የጎረቤታችን የአብዱልናስር ሚኒባስ አቧራውን እያስነሳ ደረሰ። ፋዲላ ስታስቆመው ተሳፋሪ ጭኖ ስለነበር ከነተሳፋሪው ነው የመጣው። በሩ ተከፈተና አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ቀድመው ወርደው፣ "ሟቹ የታል?" አሉ።

ፋዲላ ከኋላቸው ወረደች። አንድ እግሯ ላይ የራሷን ጫማ፣ አንዱ ላይ የእኔን ሰንደል አድርጋለች። እየሮጠች መጣችና መዳፏን ደረቴ ላይ አደረገች።

"ይመታል" አለች በቀስታ፣ ለራሷ።

ከዚያ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሊያስቃት የሚችል ነገር እያዘጋጀሁ ነበር፤ እግሯ ላይ ያለውን ሰንደሌን ሳየው ግን ጠፋብኝ። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ናዝራዊት ነገሩን ስታስረዳት እስከ መጨረሻው ሰማችና ወደ እኔ ዞረች።

"የሰው ልብ ይዘህ ነው የተናዘዝከው?"

መጀመሪያ የሳቁት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ቀጥሎ አብዱልናስር። ፋዲላ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች መጨረሻ ላይ ሳቀች፤ ከዚያም እስከ ቤት ድረስ ተቆጣችኝ። ሳይክሉ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ ነው የወረደው። በሰፈሬ መሀል።

ከዚያ ወዲህ ስሜ "ሟቹ" ሆኗል። ፍራሽ ሊገዛ የሚመጣ እንግዳ ሳይቀር "የሟቹ ሱቅ የት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ደንግጦ የሚመለስም አይጠፋም። እኔ ግን መንዳቴን አልተውኩም። ናዝራዊት ሳንነሳ በፊት ስክሪኔን ታያለች፤ ቁጥሩ ሲከብድ ወርጄ እገፋለሁ። አንዳንዴ ከምነዳው የምገፋው ይበልጣል።

በቀደም ቅዳሜ እንዲሁ ስነዳና ስገፋ እንጦጦ ማርያም ደረስኩ። ቅጥሩ አጠገብ ሳይክሉን አስደግፌ፣ ትንፋሼ እስኪረጋ ጠብቄ ለፋዲላ ደወልኩ።

"አሁን ደግሞ ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም። እላይ ደረስኩ ልልሽ ነው።"

"በእግርህ ነው በሳይክሉ?"

"በሁለቱም።"

"ማሻአላህ" አለች። "ስትመለስ ሽንኩርት ያዝ።"