ጨጓራ አይዋሽም

ኦርቪል ሕግ ካሉ ሕግ ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በአሜሪካ፣ በዋዮሚንግ ሜዳ ሚዳቋ ሲያድኑ ስልሳ ዓመት ሞልቷቸዋል። አንድም ቀን ከመንግሥት መሬት ወጥተው የሰው አጥር አልተሻገሩም። ይህን የማያውቅ ሰው ከተገኘ ራሳቸው ይነግሩታል። የገዛ ልጃቸውን እንኳ አልማሩም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ላይል ከጎረቤታቸው ከሄስተር ማሳ ሚዳቋ ጥሎ ወደ መንግሥት መሬት ጎትቶ ሲያሻግር፣ ለአደን ተቆጣጣሪው ደውለው ያስያዙት አባቱ ናቸው። ላይል የአደን ፈቃዱን ተነጠቀ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፣ የአባቱንም ደጅ ዳግመኛ አልረገጠም።

ታላቅ እህቱ ቨርና ግን በየዓመቱ ከአባቷ ጋር ትወጣለች። ዘንድሮ በልቧ የያዘችው ነገር ነበር፤ አደኑ ቀንቷቸው ደስ ሲላቸው ጠብቃ፣ "ላይልን ይጥሩት" ልትላቸው። ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ለከርሞ ማን ያውቃል?

ረፋዱ ላይ ፒክአፑን ልታመጣ እንደሄደች ተኩስ ሰማች። ስትደርስ አባቷ ከወደቀው ወንድ ሚዳቋ አጠገብ ቁና ቁና እየተነፈሱ ተቀምጠዋል።

"እዚሁ ነው የጣልኩት" አሉ፣ ሳትጠይቃቸው።

"እሰይ አባባ! እጅዎ አሁንም አልሰነፈም።"

"ምነው፣ ይሰንፋል ብለሽ ቋምጠሽ ነበር?"

እየሳቀች የሚዳቋውን ሆድ ከፈተች፤ ጨጓራውንም ቀደደች። መንጋው ጠዋት የት እንደጋጠ ለማወቅ ጨጓራ መቅደድ የአባቷ ሥርዓት ነው። "ሰው ይዋሻል፤ ጨጓራ አይዋሽም" ይሏት ነበር በልጅነቷ። በዚህ የመንግሥት መሬት ላይ ከዱር አሪቲ በቀር ይህ ነው የሚባል ግጦሽ ስለሌለ፣ ሁልጊዜ መራራ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል።

ዛሬ የአሪቲ ሽታ የለም። ዝርግፍ ያለው ለከብት መኖ የሚዘራው ለምለም አልፋልፋ ነው። ቨርና ክው አለች። በዚያ ሁሉ አገር አልፋልፋ ያለው ሄስተር ማሳ ላይ ብቻ ነው፣ ከአጥሩ ማዶ።

"እዚያ ግጦ በሽቦው ሥር ሾልኮ መጥቶ ይሆናላ" አሉ ኦርቪል፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው።

ሚዳቋ እውነትም አጥር አይዘልም፤ ይሾልካል። ቨርና ልታምናቸው ፈለገች፤ እግዜር ያውቃል፣ ፈለገች። ግን መንጋጋውን ፈልቅቃ አየች። በጥርሶቹ መካከል ሐምራዊ የአልፋልፋ አበባ ሳይታኘክ ቀርቷል፤ እየጋጠ ሳለ ነው የወደቀው። ቀና ስትል የታችኛው ሽቦ ላይ ነጭ ፀጉርና ትኩስ ደም አየች። ከዚያ እስከ እግሯ ድረስ ቁጥቋጦው ነገር እንደተጎተተበት በአንድ መስመር ተኝቷል።

"አባባ! እርስዎ? እርስዎ ነዎት ይህን ያደረጉት?" ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

"ሦስት ቀን ሙሉ አንድም አላየሁ። የመጨረሻዬ ነው ብዬ… አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ…"

"ላይልስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብሎ እግርዎ ላይ ወድቆ አልነበር?"

ቨርና ስልኳን ዘረጋችላቸው።

"ይደውሉ። ያኔ ለማን እንደደወሉ ያውቁታል።"

ሽማግሌው ደም በነካው ጣታቸው የተቆጣጣሪውን ቁጥር በቃላቸው መቱ፣ ሳያቅማሙ። ስማቸውን፣ ቦታውንና ጥፋታቸውን ተናግረው ዘጉ። ስልኩን ግን አልመለሱላትም።

"የላይልን ቁጥር አላውቀውም" አሉ። "አንቺ ንገሪኝ።"