ያልደረሰው ገጽ

አንባቢ ሆይ፤ ኀፍረት በሰው ልብ ውስጥ ሁለት መልክ አላት፤ አንደኛይቱ ከክፉ ሥራ የምትከለክል ዘብ ስትሆን፣ ሁለተኛይቱ ግን የተሠራውን እንዳንናዘዝ አንደበታችንን የምትይዝ ገዢ ናት፤ ብዙ ጨዋ ሰውም በመጀመሪያይቱ ሲመሰገን ኖሮ በሁለተኛይቱ ይወድቃል። የደሴዋ ወይዘሪት ስኂንም፣ የተማረችና ትሑት፣ ዝምተኛና ዓይነ አፋር ሳለች፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ለዚህች ገዢ ተገዝታ ኖረች።

በወጣትነቷ ወራት «ሐመረ ቃል» የምትባል ታናሽ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት በበይነ መረብ ታወጣ ነበር። ምን ያለ ዘመን ነበር! አንባቢዎቿ ሁለት መቶ አይሞሉም፤ ኔትወርክ በጠፋ ቀን ላፕቶፗን በዘንቢል ይዛ ወደ ጦሳ ተራራ ወገብ ትወጣለች፤ ከወልድያ አንዲት ነርስ፣ ከጎባ አንድ ሾፌር ግጥም ሲልኩላት፣ እያንዳንዱን እንደ ብርቅ እንግዳ ትቀበለዋለች። በአንድ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማም የቀድሞ መምህሯ፣ መምህር ክንፈ ገብርኤል፣ ስለ ሟች ባለቤታቸው የጻፉት ግጥም መጣላት። በብዕር የጻፉትን አራት ገጽ ልጃቸው ውባለም በስልክ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ብትልከው፣ የደረሱት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ስኂን ያስተማሯትን ሰው «ጎደለ» ብላ መጠየቅ አፈረች፤ መጽሔቲቱም በማግስቱ እንደምትወጣ ተነግሯልና፣ መዝጊያውን ራሷ ጻፈችው፦

ነፋስ ደጅ ሲመታ ሮጬ እከፍታለሁ፤
አንቺ እንዳልሆንሽ ባውቅም «ነይ ግቢ» እላለሁ።

አገር ወደደው፤ በየተዝካሩ ተነበበ፤ እርሷም ለመምህሩ የተሰጠውን ምስጋና እንደ ተሰረቀ ማር በስውር ላሰችው። መጽሔቲቱ ከቆመች ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ዘንድሮ በሐምሌ፣ ውባለም ደወለች። «አባዬ ግጥሞቹን በመጽሐፍ ሊያሳትም ነው፤ የዚያኛው የእጅ ጽሑፍ ጠፍቶብናል፤ ከመጽሔትሽ ላኪልን» አለቻት። ስኂን የሐሰቱ ስንኝ በእርሳቸው ስም ለትውልድ ሊታተም መሆኑን ባወቀች ጊዜ፣ መላኩን ትታ ወደ መምህሩ ቤት በእግሯ ሄደች።

ዐይናቸው የደከመው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ የቤት ሥራዋን እንዳልሠራች ተማሪ ተገትረሽ ቀረሽ? ተቀመጪ እንጂ!»

«መምህር፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች የእርስዎ አይደሉም» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «አራተኛው ገጽ አልደረሰኝም ነበር። መጠየቅ አፍሬ… እኔ ጻፍኋቸው።»

«በግጥሙ መጨረሻ ደጁን ዘግቼው ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ውባለም መጽሔትሽን ከስልኩ ስታነብልኝ ግን ተከፍቶ አገኘሁት፤ ወረቀቱን ባስፈልግ ጠፍቷል። አእምሮዬ ከዳኝ አልሁ፤ የጻፈውን ለማያውቅ ሰው ብዕር ምን ያደርግለታል ብዬ፣ ከዚያን ዕለት ወዲህ አንድ ቃል አልጻፍሁም። ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ስኂን! ብትደውዪ እበላሽ ኖሯል?»

እርሷ ስታለቅስ እርሳቸው አላባበሏትም፤ ነገር ግን የጎበጠው ጀርባቸው ቀስ በቀስ ቀና ሲል አየች፤ የተነጠቀ አእምሮው የተመለሰለት ሰው ቀና እንደሚል።

«ስንኞችሽ ያማሩ ናቸው፤ የእኔ ግን አይደሉም። በስምሽ፣ ለብቻቸው ይታተሙ። አሁን ወረቀት አውጪ፤ ደጄን ራሴ እዘጋዋለሁ።»

የመጀመሪያውን ቃል አሉና «ሰርዢው» አሏት፤ ሁለተኛውንም አሰረዟት፤ ሦስተኛው እስኪመጣላቸው ድረስም ስኂን፣ የሚስማማው ቃል በልቧ ሞልቶ ሳለ፣ አንዲት ፊደል ሳትተነፍስ ጠበቀች። የሌላውን ኀዘን በራስ ቃል አሳምሮ መፈጸም ድፍረት ነው፤ ባለቤቱ እስኪፈጽመው ብዕር ይዞ መጠበቅ ግን ከቅኔ ሁሉ የከበረ ትሕትና ነው።